የጋጋሪው ሳንባ የማን ጉዳይ ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ፕሮጀክት የማስረከቢያ ቀኑ ሲደርስ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት ቤቴ ገብቼ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ውስጥ መብራት የሚታየው ዳቦ ቤቱ ጋ ብቻ ነው። ደክሞኛል ብዬ ለአለቃዬ ስነግረው፣ «ውሉ ላይ ፈርመህ የለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። ይቺ መልስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት ያወቅሁት በኋላ ነው። ለዚያውም በዳቦ ጉዳይ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኒውዮርክ ከተማ ዳቦ በአብዛኛው የሚጋገረው በኪራይ ሕንፃዎች ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ከባዱን ምድጃም የሚሸከመው የታችኛው ወለል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አየር የማይገባበት፣ የሕንፃው የፍሳሽ ቱቦ በሊጡ አጠገብ የሚያልፍበት ቤት ነው። ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። አንዳንዶቹ እዚያው ያድራሉ፤ በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ የሚሠሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 ኤድዋርድ ማርሻል የተባለ ጋዜጠኛ ይህን ጉድ ጻፈው፣ ከተማውም ደነገጠ።

በዓመቱ፣ በ1895፣ የኒውዮርክ ግዛት የዳቦ ቤት ሕግ ያለ አንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ሕጉ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ስለ ቤቱ ነው፦ የጣሪያው ከፍታ፣ የቱቦው ሁኔታ፣ የአየር መውጫው፣ የዱቄቱ ማስቀመጫ፣ መኝታው ከመጋገሪያው መለየቱ። ሁለተኛው ስለ ሰውየው ነው፦ ጋጋሪ በቀን ከ10 ሰዓት፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ አይሠራም።

ዩቲካ በምትባል ከተማ ጆሴፍ ሎክነር የሚባል የዳቦ ቤት ባለቤት አንድ ሠራተኛውን ከ60 ሰዓት በላይ በማሠራቱ ተከሰሰ። ሁለተኛ ጥፋቱ ስለሆነ 50 ዶላር ተቀጣ። እሱ ግን አሻፈረኝ ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚገርመው፦ እዚያ ለሎክነር ቆመው ከተከራከሩት አንዱ ሄንሪ ዋይስማን ነበር። ይህ ሰው የጋጋሪዎች ማኅበር መሪ ሆኖ ሕጉ እንዲወጣ የታገለው ራሱ ነው! በመሃል ከማኅበሩ ወጥቶ፣ የራሱን ዳቦ ቤት ከፍቶ፣ ሕግም ተምሮ ነበር። ወንበር ሲለወጥ ዓይንም ይለወጣል መሰለኝ።

ሚያዝያ 1905 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለሎክነር ፈረደ። ዳኛ ፔክሃም ለአብዛኛው ወገን ሲጽፉ፣ ሠራተኛና አሠሪ በፈለጉት ሰዓት የመዋዋል ነፃነት አላቸው አሉ፤ የዳቦው ንጽሕናም ጋጋሪው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ላይ አይመሠረትም። ዳኛ ሃርላን ተቃወሙ። ስለ ጋጋሪዎች ጤና የተጻፉ ጽሑፎችን ጠቅሰው፣ የዱቄት ብናኝ ሳንባን እንደሚያሳምም፣ ከጋጋሪዎች መካከል ከ50 ዓመት በላይ የሚኖሩት ጥቂት እንደሆኑ አስረዱ። ዳኛ ሆምስ ደግሞ፣ ሕገ መንግሥት የአንድን ወገን የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ ለመጫን አልተጻፈም ብለው ተቃወሙ።

ልብ በሉ፦ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ አየሩ የወጡት ደንቦች አልተነኩም። የወደቀው የሰዓቱ ገደብ ብቻ ነው። ማለትም ዳቦውን የሚበላው ሰው ጤና የሕዝብ ጤና ነው፣ የሚጋግረው ሰው ድካም ግን የግል ውል ነው።

በእርግጥ ሎክነር ሀብታም ኩባንያ አልነበረም፤ ትንሽ ዳቦ ቤት ያለው፣ ራሱም ስደተኛ ነበር። ሕጉ ከትልልቆቹ ይልቅ እንደሱ ያሉትን ትንንሾች ይጫናል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ግን የሰዓቱን ክብደት በአካሉ የሚሸከመው ሠራተኛው ነው፤ ፊርማው ደግሞ እንቢ ቢል ምን እንደሚበላ አይናገርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዚህ የመዋዋል ነፃነት አስተሳሰብ በግልጽ የወጣው በ1937፣ የሴቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ሕግ ሲያጸና ነው። 32 ዓመት ፈጀ።

እኛ በየቀኑ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳናነብ የምንጫን ትውልድ ነን። አዝራሩን ለሌሎች የምሠራውም እኔ ነኝ። ስለዚህ መስማማት ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ሌሊት በዳቦ ቤቱ ሳልፍ፣ በሽታው ብቻ አላልፍም። ዱቄት የለበሰውን ልጅ አያለሁ፤ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደዋለም አስባለሁ።