የሌክ ስትሪት «ስትራዲቫሪዎች»

ሚኒያፖሊስ፣ ሌክ ስትሪት ላይ ዛሬ ከየአገሩ የመጣ ምግብ የሚሸጥበት የሚድታውን ግሎባል ማርኬት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሠራ የሲርስ መደብርና የፖስታ ትዕዛዝ መላኪያ ነበር። ሪቻርድ ሲርስም ቢሆን በሚኒሶታ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሳለ የኪስ ሰዓት መሸጥ ጀምሮ፣ በ1886 የመጀመሪያ ድርጅቱን የከፈተው እዚሁ ከተማ ነው።

የሲርስ ካታሎግ ከምድጃና ከማረሻ ጋር ቫዮሊንም ይሸጥ ነበር። ብዙዎቹ ውስጣቸው የስትራዲቫሪ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እኔ አሮጌ ቫዮሊን እያደስኩ ለተማሪዎች የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ፣ ያገሬ ልጆች «ጋሼ፣ ኢስቴት ሴል (የቤት ንብረት ሽያጭ) ላይ ስትራዲቫሪ አገኘሁ!» እያሉ ይደውሉልኛል። «ከስሙ ሥር ጀርመን ይላል?» እላለሁ። ካለ ወሬው አለቀ። ስትራዲቫሪ ጣሊያናዊ ነው፤ በ1737 ሞቷል፤ የተረፉት መሣሪያዎቹ 650 ገደማ ናቸው። የአገር ስም እንዲጻፍ ያስገደደው ደግሞ በ1890 የወጣው የአሜሪካ የማኪንሊ ቀረጥ ሕግ ነው። ጽሑፉ ባይኖርስ? ምንም አያረጋግጥም፤ ወረቀት ይላጣል።

አብዛኞቹ የካታሎግ ቫዮሊኖች የመጡት ከሳክሶኒዋ ማርክኖይኪርሸንና ከጎረቤቷ ከቦሂሚያዋ ሾንባክ ነው። አንዱ ቤተሰብ አንገት ይጠርባል፣ ሌላው ደረት፣ ሌላው ጀርባ፤ ነጋዴው ሰብስቦ ያስገጥምና በደርዘን ይሸጣል። ንግዱ ከመድራቱ የተነሣ አሜሪካ ከ1893 ጀምሮ በትንሿ ማርክኖይኪርሸን ቆንስላ ነበራት። የእኛ አዝማሪ የማሲንቆውን ሣጥን፣ ቆዳና ደጋን ራሱ ሊያበጅ ይችላል፤ እዚያ ግን አንዱን ቫዮሊን «የእጄ ሥራ ነው» የሚል አይገኝም።

ታዲያ ሁሉም ውዳቂ ነው? አይደለም። በ1920ዎቹ እዚያው ማርክኖይኪርሸን ከኤርንስት ሃይንሪሽ ሮት ወርክሾፕ የወጡ ቫዮሊኖች ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። እኔ ትንሽ መስተዋትና መብራት ይዤ በደረቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አያለሁ። በርካሹ ውስጥ ማዕዘኖቹን የሚደግፉት እንጨቶች የሉም፤ ከደረቱ ሥር የሚያልፈው ወጋግራም ተለይቶ የተጣበቀ ሳይሆን ከደረቱ ጋር አብሮ የተጠረበ ነው። በዳርቻው ዙሪያ የሚሄደው ጥቁር መስመር በጥሩው ላይ በቦይ የተቀበረ ቀጭን እንጨት ሲሆን፣ በርካሹ ላይ በቀለም የተሰመረ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስንጥቁን እፈልጋለሁ። በደረቱ ላይ በወጉ የተጠገነ ስንጥቅ ብዙም አያስፈራኝም። ድምፅን ከደረት ወደ ጀርባ የምታሻግረው ቀጭን ምሰሶ ከቆመችበት በታች ጀርባው ከተሰነጠቀ ግን ጥሩው ቫዮሊን እንኳ ዋጋው ይወድቃል። የካታሎግ ቫዮሊንማ ጥገናው ከራሱ ዋጋ ይበልጣል፤ እኔ አልነካውም።

ስለዚህ ወረቀቱን ከማንበባችሁ በፊት ጀርባውን አገላብጡ፤ ከመክፈላችሁም በፊት ለጠጋኝ አሳዩ። የሚገምትላችሁ ሰው ራሱ ሊገዛው ከፈለገ ግን ሌላ ጠጋኝም ጠይቁ።