ሱቅ ዐረቢና የመንገድ አደጋ ቁጥር

ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓመተ ምሕረት የሱዳን ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ ተዛወረ። በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ዘመን የተለመደው የግራ አነዳድ፥ አገሪቱ በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም 17 ዓመት ቆይቶ ነበር። ኢትዮጵያ ይህንኑ ለውጥ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አስቀድማ ፈጽማዋለች።

ሸማችና ተሳፋሪ በአንድነት ለሚጋፋበት ለካርቱም ገበያ፥ ለሱቅ ዐረቢ፥ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ አስቀድሞ ወደ ቀኝ ተመልክቶ ይሻገር የነበረ እግረኛ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀድሞ ወደ ግራ መመልከት ነበረበት። ለግራ መንገድ የተሠራ አውቶቡስም በሩ ካልተለወጠ በቀር መንገደኛውን ወደ መንገዱ መካከል ያወርዳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ለውጥ አደጋን ያበዛል ብሎ መፍራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ስዊድን ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ወደ ቀኝ በተዛወረች ማግስት፥ ሰኞ ዕለት፥ የተመዘገበው አደጋ 125 ብቻ ሆነ፤ ቀደም ባሉት ሰኞዎች ግን ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። የመድን ካሳ ጥያቄም በ40 በመቶ ቀነሰ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ቀኝ መንገድ ከግራ ይሻላል ብሎ በፈረደ ነበር። ዳሩ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ የካሳው ጥያቄ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሲያልፍም የአደጋው መጠን እንደ ቀድሞው ሆነ። አደጋውን የቀነሰው የመንገዱ ወገን ሳይሆን የነጂውና የእግረኛው ሥጋት ይመስላል፤ አዲሱ ነገር ሲለመድ ጥንቃቄው አብሮ ላላ።

ቁጥርን ብቻውን ማንበብም እንዲሁ ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል፥ ከሱቅ ዐረቢ ተነሥቶ ወደ ኦምዱርማን በሚሄደው መስመር በዓመት 10 ሰው፥ ወደ ባሕሪ በሚሄደው 4 ሰው ተጎዳ እንበል። ተማሪ ወዲያው የኦምዱርማኑን ይፈራል። ነገር ግን የመጀመሪያው 100,000፥ ሁለተኛው 8,000 መንገደኛ አሳፍሮ እንደ ሆነ፥ የኦምዱርማኑ ጉዳት ከ10,000 አንድ፥ የባሕሪው ከ2,000 አንድ ነው፤ አምስት እጥፍ የሚያስፈራው የባሕሪው ነው ማለት ነው። ይህን ለማስላት ከማካፈል የበለጠ ትምህርት አያስፈልግም።

መዝገቡ ራሱ ጎደሎ ሲሆንስ? በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 4,352 ሲሆኑ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ የሱቅ ዐረቢ ብዙ መደብር ተዘረፈ፥ ተቃጠለም፤ ተሳፋሪውም ተበተነ። በዚያ ዓመት በገበያው ዙሪያ የመኪና አደጋ ጥቂት ሆኖ ቢገኝ፥ መንገዱ ደኅና ሆነ የሚል ማን ነው?