ከቀለሙ በታች

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ እንጂ ወደ ወላይታ አልታጠፈም። እኔም ገሱባ ሳድግ የማውቀው ባቡር እናቴ ቅቤ ሸጣ ባጠራቀመችው ገንዘብ አጎቴ ከሶዶ የገዛልኝን መጫወቻ ብቻ ነበር።

መጫወቻ ባቡርም የራሱ ታሪክ አለው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ በተደረገው ትርኢት ወጥ መለኪያ ያላቸውን ሐዲዶች አቀረበ። ያኔ ሎኮሞቲቩ ከቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በእጅ ይቀባ ነበር። ኋላ ፋብሪካዎች የቀለጠ ዚንክ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ማስገባት ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ የምስማር ራስ ሳይቀር የሚታይበት ሥራ በሺህ እየተባዛ ወጣ።

ነገር ግን ዚንኩ ጥቂት እርሳስ ከተቀላቀለበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረካከሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ የጠፉት በዚህ ነው። መድኃኒቱ የዚንኩ ጥራት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ዛማክ የተባለ ቅይጥ 99.99 ከመቶ የጠራ ዚንክ ይጠይቃል።

ገዢ ግን የሚያየው ቀለሙን ነው። የእኔዋ የፕላስቲክ ባቡር ክረምቱ ሳይወጣ ተሰባበረች። ድምቀቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ የእናቴን የቅቤ ገንዘብ የበላውም እርሱ ነው።