ሶሉ የሚለወጥ ጫማ ታሪክ

ከሰው ልብስ ሁሉ ከምድር ጋር ዘወትር የሚታገለው ጫማ ነው። ትግሉ ግን በአካሉ ሁሉ እኩል አይደርስበትም። የላይኛው ቆዳ ቀለም እየተቀባ ለብዙ ዓመት ሊቆይ ሲችል፥ ሶሉ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር ሲፋተግ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። እንግዲህ ደኅናው ክፍል ካለቀው ጋር አብሮ እንዳይጣል፥ ሶሉ የላይኛውን ቆዳ ሳይጎዳ የሚለይበት ዘዴ መገኘት ነበረበት። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአርመን ሀገር አሬኒ በሚባለው ዋሻ በ2008 የተገኘው ጫማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ከአንድ ቁራጭ የላም ቆዳ የተሠራ ስለ ሆነ ለብቻው ሶል የሚባል ክፍል የለውም። የሮማ ወታደሮች ደግሞ ሶላቸውን በብረት ምስማር እየቸነከሩ ዕድሜውን ያራዝሙ ነበር፤ ቢሆንም ጫማው ማለቁ አልቀረም። ስዌቶንዮስ እንደ ጻፈው፥ ከኦስትያና ከፑቴዮሊ ወደ ሮማ በእግራቸው የሚመላለሱ መርከበኞች የጫማ ገንዘብ ቢጠይቁት፥ ንጉሡ ቬስፓስያኖስ ከእንግዲህ ባዶ እግራቸውን እንዲሄዱ አዘዘ። የዛሬ የበጀት ሹማምንት ይህን መፍትሔ ባይማሩት መልካም ነው።

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጫማ በግልባጩ ተሰፍቶ እንደ ከረጢት ይገለበጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ጫማ ሶሉን መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1500 ገደማ ነው። ሰፊዎቹ በጫማው ዙሪያ አንድ ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ አስገቡ፤ በመጀመሪያው ስፌት የላይኛውን ቆዳ፥ የውስጡን ሶልና ጥብጣቡን አንድ ላይ ያያይዛሉ፤ በሁለተኛው ስፌት ደግሞ የውጩን ሶል ከጥብጣቡ ጋር ብቻ ይሰፋሉ። ሶሉ ባለቀ ጊዜ ሁለተኛው ስፌት ተተርትሮ አዲስ ሶል ይገባል፤ የመጀመሪያው አይነካም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የጫማ ዕድሜ ግን በዚህ ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ችግሩ፥ በወስፌና ሰም በተቀባ ክር የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ዋጋው ውድ መሆኑ ነበር።

በ1858 ላይማን ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ሶል የሚሰፋ መኪና አወጣ። ጎርደን መኬይም መብቱን ገዝቶ መኪናውን አሻሻለና ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ጫማ አቀረበ። ሥራው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መርፌው ሶሉን ወግቶ እስከ ጫማው ውስጥ ስለሚዘልቅ ውሃ በቀዳዳው ይገባል፤ መልሶ ለመስፋትም ያው መኪና ያስፈልጋል። የጥብጣቡን ስፌት በመኪና ለመሥራት የተቻለው፥ ኦገስት ዴስቱይ የጀመረው መኪና በቻርልስ ጉድይር ልጅ እጅ ተሻሽሎ በ1871 የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ነው። አባቱ ጎማን በድኝና በእሳት በማጠንከር የታወቀው ሰው ነው። ልጅዮው በአባቱ ስም ጥላ ሥር ቢቀርም፥ ስፌቱ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ስም ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ማስቲሽ መጣ። በሃያኛው መቶ ዓመት የፋብሪካ ጫማ በአብዛኛው መሰፋቱ ቀርቶ መጣበቅ ጀመረ፤ ዋጋው ስለ ረከሰ ጫማ ያልነበረው ሁሉ ጫማ ለማድረግ ቻለ፤ ይህ ትልቅ በጎነት ነው። ጉዳቱ ሶሉ ሲያልቅ ጫማው አብሮ መጣሉ ነው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሶልማ ሳይረገጥ በቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት እንደ ቆየ በአየሩ እርጥበት ተፈርፍሮ ይገኛል። ጫማ በብርቅ የሚታይበት ጊዜ ሲመጣ ግን ስፌት ይታወሳል፤ የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 1943 ለአንድ ሰው በዓመት ከሦስት ጥንድ በላይ የቆዳ ጫማ እንዳይሸጥ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ አሮጌውን ይዞ ወደ ጫማ አዳሽ ሄዷል።

በሀገራችን ቆዳ ፍቆና ሰፍቶ የሚኖር ባለ እጅ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፥ በእኛ በ1900 ዓ.ም.፥ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ እየሠሩ ስንቱን ድኻ ከእሾህና ከጠጠር ያዳኑት ግን የዚሁ ሙያ ሰዎች ናቸው። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳና ዳር አዲስ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊ የሚወስድ ሰው ይታያል። ሰፊው ወስፌውን አንሥቶ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘውን ሶል ዙሪያውን በእጁ ይሰፋዋል፤ ፋብሪካው ትቶት ያለፈውን ስፌት በጥቂት ብር ይመልስለታል።