በቦው አደባባይ ስለ ቆመው ሐውልት ዜና

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በኢትዮጵያ በነገሡ በ11ኛው ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882፣ በእንግሊዝ መናገሻ በሎንዶን ምሥራቅ፣ ቦው በሚባለው ሰፈር፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት ቆመ። ሐውልቱ የዊልያም ግላድስተን ነው። ግላድስተንም ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገር ያስተዳድር ነበር። ምስሉን የቀረጸው የአየርላንድ ተወላጁ አልበርት ብሩስ ጆይ በሸንጎ እንደሚናገር ሰው እጁን አስዘርግቶ አቆመው።

ግላድስተን በ1809 በሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ ብዙ ባሮች የነበሩት ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። ልጁ ከወግ አጥባቂዎች ወገን ጀምሮ በኋላ የሊበራሎች አለቃ ሆነ፤ አራት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትርነትን ያዘ። በእርሱ ዘመን የሕፃናት ትምህርት ሕግ ወጣ፤ መራጩም ጌታውን ሳይፈራ ድምፁን በምስጢር እንዲሰጥ ተፈቀደ። ስለዚህ ድኻው ወደደው፣ የሕዝብ ዊልያም ብሎም ጠራው። ፍቅሩ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሐውልቱን ያሠራው ግን ድኻው አይደለም። በዚያው በቦው ብራያንት ኤንድ ሜይ የሚባል ታላቅ የክብሪት ፋብሪካ ነበረ፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ቴዎዶር ብራያንት ሐውልቱን ለሰፈሩ ስጦታ አድርጎ ሰጠ።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1871 የግላድስተን የገንዘብ ሚኒስትር ሮበርት ሎው በክብሪት ላይ ግብር ሊጥል አሰበ። የክብሪት ሠራተኞች፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ ከምሥራቅ ሎንዶን ተነሥተው ወደ ፓርላማ ተመሙ፤ ፖሊስም ከለከላቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ግብሩን ተቃውማ ለግላድስተን ጻፈች፤ ግብሩም ቀረ።

በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1863፣ በዚያው ፓርላማ የእኛ ነገር ተነሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ፣ የእንግሊዝ ጦርም አምባውን ዘርፎ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ስለ ወርቅ ዘውዱና ስለ ወርቅ ጽዋው ሲከራከሩ ግላድስተን ተነሥቶ፣ የእንግሊዝ ጦር እነዚህን ዕቃዎች ያመጣ ዘንድ መታሰቡ እጅግ እንደሚያሳዝነው ተናገረ። የጦሩ አዛዥ ናፒየርም ዕቃዎቹ ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ የሚል አሳብ እንደነበረው አስረዳ። ይህ ቃል የቀና ቃል ነው፤ ልንዘነጋውም አይገባም። ነገር ግን ግላድስተን ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ዳግመኛ በሥልጣን ተቀመጠ፤ ዘውዱና ጽዋው ዛሬም በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ።

ወደ ቦው እንመለስ። ሐውልቱ ከቆመ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በእኛ ሰኔ 17 ቀን 1880 በዘመነ ዮሐንስ፣ አኒ ቤሳንት የምትባል ጸሐፊ ስለ ፋብሪካው ሴቶች በጋዜጣዋ አወጣች። የ16 ዓመት ልጅ በሳምንት 4 ሽልንግ ታገኛለች፤ እግሯ ቢቆሽሽ ትቀጣለች፤ ባለ አክሲዮኖቹ ግን ከ20 በመቶ በላይ ትርፍ ይካፈላሉ ብላ ዘረዘረች። ስለ ሐውልቱም ጻፈች። ብራያንት ለማሠሪያው ከያንዳንዷ ሠራተኛ ደመወዝ አንድ ሽልንግ ቈረጠ፤ ሐውልቱ በሚገለጥበት ቀን ፋብሪካውን ዘግቶ የግማሽ ቀን ደመወዝ አስቀረባቸው፤ ሴቶቹም አንዳንዶቹ ድንጋይ በኪሳቸው ይዘው መጡ፤ በኋላም ሐውልቱን ከበው ክንዳቸውን በጥተው ደማቸውን አፈሰሱበት አለች። ነገሩን ከሠራተኞቹ አፍ እንደ ሰማች ነው የጻፈችው። ለአራት ሽልንግ አዳሪ አንድ ሽልንግ የሳምንቱ እንጀራ ሩብ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው በቍጣቸው አይፈርድባቸውም።

የፋብሪካው ጌቶች ሠራተኞቹን፣ የተጻፈው ሐሰት ነው ብላችሁ ፈርሙ አሏቸው። እነርሱም እንቢ አሉ። አንዲቱ ከሥራ በተባረረች ጊዜ 1400 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው ወጡ። መሪያቸው እነርሱው ነበሩ፤ ቤሳንት አድማውን ጠርታ አላስነሣችውም። ሐምሌ ሳይጋመስ ቅጣቱ ቀረላቸው፣ የተባረሩትም ተመለሱ፤ ከዚያም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ከቅጣቱ ይልቅ የከፋው ግን ነጩ ፎስፎረስ ነበረ። ትነቱ በጥርስ ገብቶ መንጋጋን ያበሰብስ ነበር፤ ብዙዎችም ፊታቸው ተበላሸ፤ የሞቱም ነበሩ። በአድማው ይህ አልቀረም፤ ገና ዓመታት ፈጀ።

ግላድስተን በ1898 በ88 ዓመቱ ዐረፈ፣ በዌስትሚንስተርም በክብር ተቀበረ። የቦው ሐውልት ግን ሌላ ታሪክ ይዞ ቀረ። የሰፈሩ ሰዎች የሴቶቹን ደም ለማስታወስ የነሐስ እጆቹን ቀይ ቀለም ይቀቧቸዋል። አንዳንዱ ይህን ሐውልት ማርከስ ይለዋል። እኔ ግን እላለሁ፤ ስጦታውን የከፈሉት ሰዎች ስም በድንጋዩ ላይ ካልተጻፈ፣ ከፋዮቹ በቀለም መጻፋቸው ተገቢ ነው።

ነጩ ፎስፎረስ በክብሪት እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ በ1908 ወጣ፤ በ1910ም በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ሲወጣ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው የዚያው የዊልያም ግላድስተን ልጅ ኸርበርት ነበረ።