በፖስታ የተላከ ዓሣ

ዓሣ ያለ ውሃ አይኖርም ብለው ያስተማሩን መምህሮቻችን በአብዛኛው ትክክል ናቸው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለቀረው ትንሽ ነገር ነው። ኩሬው ደርቆ፣ ወላጆቹ ሞተው፣ ቦታው የከብት መመላለሻ ከሆነ ከወራት በኋላ ከአፈር ውስጥ ስለሚነሣ ዓሣ እናወራለን። ይህን ዓሣ ከነአፈሩ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ቴምብር ለጥፈው ከአገር አገር ሲላላኩ ስለኖሩ ሰዎችም እንዲሁ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስሙን እናጽዳለት። ዓሣው ኪሊፊሽ ይባላል። እንግሊዝኛ ቀመስ አንባቢ «ገዳይ ዓሣ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ነገር ግን «ኪል» የደች ቃል ነው፣ ትንሽ ጅረት ወይም ቦይ ማለት ነው። ማንንም አይገድልም። አብዛኛው ከጣት የማይረዝም፣ ለጥብስ ቀርቶ ለዱለት እንኳ የማይበቃ ፍጡር ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያ አለው። አብዛኞቹ እንደ ማንኛውም ዓሣ በማይደርቅ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። የእኛን ቀልብ የሳቡት ግን ዝናብ ሲመጣ ተወልደው ውሃው ሲያልቅ የሚያልቁት ናቸው።

ከነዚህ መካከል በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖሩት ኖቶብራንኪየስ ይባላሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቪልሄልም ፔተርስ በሞዛምቢክ አግኝቶ በ1844 ስለ አንዱ ዝርያ ጽፏል። ወንዱ እንደ ጥለት ያጌጠ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ሴቷ ግራጫ ናት። የሚኖሩበት ቦታ ግን ከውበታቸው ጋር አይሄድም፦ የዝናብ ውሃ ያቆረበት፣ ቡና በወተት የመሰለ፣ ዝሆንና ከብት የሚረግጠው ጉድጓድ። ከማንኛውም ወንዝ የራቀ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። በበጋ ብትመጡ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው የምታገኙት። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ስትመለሱ ዓሣ አለ! ከየት መጣ? ከሰማይ ከዝናቡ ጋር ወረደ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

መልሱ ያለው እንቁላሉ ላይ ነው። ወንዱና ሴቷ ጎን ለጎን ተጣብቀው ወደ ጭቃው ይጠጋሉ፣ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ እንደገና ይጠጋሉ፣ ሌላ ትጥላለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆች በሙሉ ይሞታሉ፤ ከእነሱ መሃል የልጁን ፊት ያየ የለም። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ ግን እድገቱን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ይጠብቃል። ዳያፖዝ ይሉታል። ዎርምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው ጥናት ፅንሱ ሊቆም የሚችልባቸውን ሦስት ቦታዎች ለይቶ አሳይቷል፦ አንዱ ገና በጅማሬው፣ ሁለተኛው ልብ መምታት ከጀመረ በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ አካሉ አልቆ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ውሃ ብቻ ሲቀረው።

እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮ ብልጥ የምትሆነው። ሁሉም እንቁላሎች በአንድ ጊዜ አይቆሙም፣ በአንድ ጊዜም አይነሡም። የበልግ ዝናብ ስንት ገበሬ እንዳታለለ እኛ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ቀን ዘንቦ ቢያቆም፣ ቸኩለው የተፈለፈሉት ያልቃሉ፤ ያልተፈለፈሉት ግን ለሚቀጥለው ዝናብ ይተርፋሉ። ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን የማይዘራ ገበሬ በሉት።

ወደ ሰዎቹ እንምጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ከተሞች ዓሣን በመስታወት ገንዳ ማርባት ፋሽን ሆኖ ነበር። መርከበኞችና ነጋዴዎች ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ እንግዳ ዓሣ ያመጡ ነበር፤ ኪሊፊሽም አብሮ ገባ። በሞዛምቢክ ከሚገኙት ውብ ዝርያዎች አንዱ በ1926 በሐምቡርጉ የአኳሪየም ወዳጅ በአርተር ራኮቭ ስም የተሰየመው በዚህ ዘመን ነው። «ዓመታዊ ዓሣ» የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ማየርስም በ1952 ጽሑፉን ያወጣው ለአኳሪየም ወዳጆች በሚታተም መጽሔት ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ አንባቢዎቹ እነማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን የኪሊፊሽ ወዳጆች ማኅበራት ተመሠረቱ።

እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ፒት የሚባል፣ ከረግረግ የሚወጣ ቡናማ ለስላሳ ብስባሽ አለ። ገንዳው ሥር ያነጥፉታል፤ ዓሣዎቹ ጭቃ መስሏቸው ይወልዱበታል። ከሳምንት በኋላ አውጥተው በእጅ ይጨምቁታል፣ ጋዜጣ ላይ ይዘረጉታል። በጣም ከደረቀ ፅንሱ ይሞታል፤ በጣም ከረጠበ ይሻግታል። ተጠልሎ ትንሽ የጠፈፈ የሻይ ቅጠል ያህል ሲሆን በላስቲክ ይቋጠራል። ላዩ ላይ የዓሣው ስም፣ የተገኘበት ቦታና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እንደየዝርያው ስድስት ሳምንትም፣ ስድስት ወርም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ትዕግሥት ያጣ ሰው በየጊዜው እየከፈተ አንዷን እንቁላል በአጉሊ መነጽር ያያል፤ በወርቃማ ቀለበት የተከበበ ዓይን መልሶ ካየው ጊዜው ደርሷል።

ያን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይፈስበታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጫጩቶች ውሃው ላይ ይታያሉ። በዚያው ዕለት መብላት ይጀምራሉ፤ ምግባቸው አርቴሚያ የምትባል ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጡር ናት፣ ያውም አሁን የተፈለፈለች። አንዳንዶቹ ጫጩቶች የአየር ከረጢታቸው ሳይሞላ ይቀርና መዋኘት ሳይችሉ መሬት ለመሬት ይሳባሉ፤ እነሱ አይተርፉም። አልፈለፈል ብሎ ያስቸገረ እንቁላል ካለ ሰዎቹ ብልኻት አላቸው፦ በቀጭን ቱቦ ትንፋሻቸውን ወደ ውሃው ይነፋሉ፣ ወይም እንቁላሉን ከነጠርሙሱ ኪሳቸው ከተው ሲንቀሳቀሱ ይውላሉ። (ሥራ ቦታ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰውዬ ኪሱን ደጋግሞ ሲዳስስ ብታዩት አትፍረዱበት።) ጫጩቶቹ ከተለቀሙ በኋላም ፒቱ አይጣልም። እንደገና ይጨመቃል፣ ይቋጠራል፣ ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ውሃ ይፈስበታል። ሁልጊዜ የዘገየ አይጠፋም።

የማኅበራቱ ታሪክ የሚገባን ግን አንድ ነገር ስናስተውል ነው። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አልበሙን ቆልፎ ሃያ ዓመት ሊያስቀምጥ ይችላል። የኪሊፊሽ ወዳጅ አይችልም። ዓሣው በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ያለው መንገድ ማስወለድ፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማስፈልፈል ብቻ ነው። አንድ ዙር ከተበላሸበት፣ መብራት ጠፍቶ ገንዳው ቢቀዘቅዝ ወይም በሽታ ቢገባ፣ ዘሩ ከቤቱ ይጠፋል። ስለዚህ ስስታም መሆን ለራሱ አደጋ ነው። እናቶቻችን ይህን በእርሾ ያውቁታል። ለጎረቤት የሰጠሽው እርሾ፣ የራስሽ የተበላሸ ቀን ተመልሶ ይመጣል። የማኅበራቱ አባላትም እንቁላል በፖስታ ሲላላኩ፣ ማን ምን እንዳለው በዝርዝር ሲያሳውቁ፣ በትንሽ ዋጋ ወይም በልውውጥ ሲሰጣጡ የኖሩት ደግነት ስለተረፋቸው ብቻ አይደለም።

ይህ ልማድ ምን እንዳተረፈ ለማየት ወደ ዚምባብዌ እንሂድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ ገና ሮዴዥያ እየተባለች፣ ሪቻርድ ፈርዘር የተባለ ሰው በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ጎናሬዡ ከሚባለው የዱር አራዊት ክልል ከአንድ ኩሬ ትንንሽ ዓሣዎች ሰበሰበ። በ1971 ደቡብ አፍሪካዊው የዓሣ ሊቅ ጀብ አዲስ ዝርያ መሆኑን ገልጾ «ኖቶብራንኪየስ ፈርዘሪ» አለው። የዝርያው የልደት ምስክር ወረቀት የወጣው በትልቅ የሳይንስ መጽሔት እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ ኪሊፊሽ ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የነፃነት ትግሉ እስከ 1979 ድረስ ያንን ድንበር እሳት አደረገው፤ ፈንጂም ተቀበረበት። ከድንበሩ ማዶ ሞዛምቢክ ከ1977 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። እንኳን ዓሣ ፍለጋ፣ ሕይወትን ለማትረፍም አስቸጋሪ ቦታ ነበር። ከጎናሬዡ የወጡት ዓሣዎች ልጆች ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ኖሩ። በዓመት ብዙ ትውልድ፣ ለሠላሳ ዓመት። ደመወዝ የተከፈለው ሰው የለም፤ የመንግሥት በጀትም አልተመደበለትም። ስሙ ብቻ ላስቲኩ ላይ ተጽፎ ይዞር ነበር፦ «ጂአርዜድ»፣ ጎናሬዡ ለማለት።

በ2003 ጣሊያናውያኑ ስቴፋኖ ቫልደሳሊቺና አሌሳንድሮ ቼሌሪኖ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ጂአርዜድ ዓሣዎች ቢመቻቸውም ባይመቻቸውም በሦስት ወር ግድም ውስጥ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። በእርግጥ ያረጃሉ፦ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ ይከሳሉ፣ እንቅስቃሴያቸው ይቀንሳል። እርጅናን ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አይጥ ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ይህ ዓሣ በአንድ ክረምት ተወልዶ፣ ጎርምሶ፣ ሸምግሎ ይጨርሳል። በ2015 የጀርመኗ የዬና ከተማ ተመራማሪዎችና የስታንፎርዷ የአን ብሩኔት ቡድን የዚህን ዓሣ ሙሉ ጂኖም በአንድ ጊዜ ለየብቻ አወጡ። ሁለቱም ቡድኖች ከተጠቀሙበት ዘር ጀርባ ያ ላስቲክና ያ ፒት አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀን የጽሑፉ ሥርዓት ነው። የማኅበራቱ የማይጻፍ ሕግ፣ ከአንድ ኩሬ የመጣን ዓሣ ከሌላ ኩሬ ከመጣው ጋር አታዳቅል ይላል፤ ዝርያው አንድ ቢሆንም እንኳ። በ2004 በሞዛምቢክ የተሰበሰበ ዓሣ የአገሩን ምልክት፣ ዓመቱንና የቦታውን ቁጥር ይዞ ይኖራል። ዓሣው ከነሕይወቱ ቢኖርም ወረቀቱ ከጠፋ፣ ከየት እንደመጣ ማንም መልሶ ሊነግረን አይችልም። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። እነዚያ የሞዛምቢክ ዘሮች በገንዳ ውስጥ ከጂአርዜድ በጣም ረዝመው እንደሚኖሩ ታየ፤ ተቀላቅለው ቢሆን ኖሮ ይህን ልዩነት ማን ያየው ነበር? ሕንፃ የሌለው፣ ማኅተም የሌለው ቤተ መዛግብት ነው ብንል አላጋነንም። ማኅተም ያላቸው ስንት መሥሪያ ቤቶች የትናንቱን ፋይል ማግኘት አቅቷቸው ነገ ተመለሱ ይሉናል!

ታሪኩን እንዲሁ አሞግሰን አንለፈው። ዓሣው የአፍሪካ ነው፤ ስሞቹ ግን ፈርዘር፣ ራኮቭ፣ ጉንተር ናቸው። እንቁላሉ የተቀመጠባቸው መሳቢያዎች ሐምቡርግና ካሊፎርኒያ እንጂ ሐራሬና ማፑቶ አልነበሩም። በዚያ ዘመን የኩሬውን ባለቤት ፈቃድ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የአገርን ሕያው ሀብት ወስዶ ለመጠቀም ፈቃድና የጥቅም ተካፋይነት እንዲኖር ያዛል፤ እንቁላልን ያለ ወረቀት በፖስታ መላክም ዛሬ በብዙ አገር ያስጠይቃል። ተገቢ ነው እንላለን። ግን ኩሬው ለመንገድ ሲደለደል ወይም ለእርሻ ሲጠነፈፍ ፈቃድ የሚጠይቅለት ማን ነው? በበጋ ያየው ሰው ባዶ መሬት ነው የሚመስለው። ደረቅ ጭቃ ውስጥ ዓሣ አለ ብሎ ለወረዳ አመልክቶ የሚያሳምን ሰው ካለ እናድንቀው።

እኛስ ጋ? አፍዴራን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በጨው ነው። ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ በአፋር እሳት መሃል፣ ፍል ውሃ የሚገባበት ጨዋማ ሐይቅ። እዚያ ውስጥ ኪሊፊሽ አለ። በ2001 አዲስ ዝርያ መሆኑን ገልጸው ስም የሰጡት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና አሜሪካዊው ኬነዝ ላዛራ ናቸው፤ ስሙም ለኒውዮርኳ የዓሣ ተመራማሪ ለሜላኒ ስቲያስኒ መታሰቢያ ሆኗል። ላዛራን የጠቀስነው በምክንያት ነው። የአሜሪካ ኪሊፊሽ ማኅበር አባላት ላስቲካቸው ላይ የትኛውን ስም መጻፍ እንዳለባቸው የሚያዩበትን ትልቁን የስም ዝርዝር ያዘጋጀው እሱ ነው። የአፍዴራው ዓሣ የወረቀት ስሙን ሲያገኝ፣ ከሁለቱ ስሞች አንደኛው ያገራችን ልጅ ስም ነበር።

ይህ ዓሣ ግን ከኖቶብራንኪየስ ወገን አይደለም። ሐይቁ የማይደርቅ ስለሆነ እንቁላሉ ደረቅ አፈር ውስጥ ወራት መጠበቅን አልተማረም። ጨው ከሚመረትበት ከዚያ አንድ ሐይቅ በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ አይታወቅም።