ሚስት፣ ቅምጥ ወይስ «አብራ የምትኖር»? አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የወጡ ስሞች ታሪክ



ኒውላንድም ሆነ ሌላው የጋምቤላ ሰፈር የምትኖሩ ወጣቶች፣ ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል መስመር ይገጥማችኋል። ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት። ጋብቻ ሳይፈጽም ከአንዲት ሴት ጋር ጎጆ ይዞ፣ ልጅ ወልዶ የሚኖር ሰው የትኛው ላይ ምልክት ያድርግ? ኒካሕ አስሮ ግን አንዳች ወረቀት በእጁ የሌለውስ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ታሪኩን ስናይ ግን በዚህች መስመር የተነሳ ንብረት ያጡ ሴቶችና የአባት ስም የተከለከሉ ልጆች እንደነበሩ እንረዳለን። ዛሬ ይህንን ታሪክ እናያለን ኢንሻአላህ።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። በአማርኛ ለጋብቻ ብዙ ስም አለ። በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው የቁርባን ጋብቻ፣ በሽማግሌና በውል የሚታሰረው የሰማንያ ጋብቻ፣ ወንዱ ክፍያ ቆርጦ ለተወሰነ ጊዜ የሚይዛት የደሞዝ ሚስት ነበሩ። ከቤቱ ርቆ ለሚዞር ነጋዴና ወታደር የደሞዙ ዓይነት የተለመደ ነበር። ከእነዚህ በታች ደግሞ ዕቁባት፣ ቅምጥ፣ ውሽማ፣ ጭን ገረድ የሚሉ ቃላት መጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሴቷ ስሞች ናቸው። ቅምጥ ያስቀመጠው ወንድ በዚያ ሥራው የተለየ ስም አልወጣለትም። ሁለት ሰው በአንድ ቤት ሲኖር ስሙ የተለጠፈው በአንዷ ላይ ብቻ ነው።

የመንግሥትና የቤተ ክህነት ሕግ ሆኖ ለዘመናት የተጠቀሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዕቁባት ይናገራል። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በኢብኑል ዐስሳል በዐረብኛ የተዘጋጀ፣ በኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ከጋብቻ ውጭ ያለውን ኑሮ በስም ለይቶ በሕግ መዝገብ ማስፈር ለአገራችን የትናንት ወሬ አይደለም።

ወደ ጋምቤላ ስንመጣ መለኪያው ሌላ ነው። በኑዌር ባህል ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው ከብት ነው። ከብቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየደረጃው ይሰጣል፤ ጋብቻውም አብሮት በየደረጃው ይጸናል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኑዌሮችን አጥንቶ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ዝምድናቸውና ጋብቻቸው ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በሰፊው ጽፎታል። ከብት ሳይሰጥ ከሴት ጋር የሚኖር ወንድ ቢወልድም ልጁ የእናቱ ወገን ነው፤ ወንዱ ልጁን የራሱ ለማድረግ ከብት መክፈል አለበት። በአኝዋሃ ዘንድ ደግሞ የጥሎሹን ቦታ የያዘው ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ ነበር። ዶቃው ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር፣ ወንድም ለእህቱ በመጣው ዶቃ እሱ ያገባ ነበር። እንግዲህ በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ዋናው ጥያቄ «ሁለቱ አብረው ይተኛሉ ወይ?» አልነበረም። «ልጁ የማን ነው? ኃላፊነቱን የወሰደው የትኛው ቤተሰብ ነው?» የሚል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ስም ከባሕር ማዶ ነው። ጣሊያኖች ኤርትራን ሲገዙ ከአገሬው ሴት ጋር የሚኖር ጣሊያናዊ እየበዛ ሄደ። ሴቷ «ማዳማ» ተባለች፤ ኑሮው «ማዳማቶ»። ኢትዮጵያን ከወረሩ በኋላ ግን በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የፋሺስቱ መንግሥት ሕግ አወጣ፦ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። የሚገርመው፣ ሴትን በገንዘብ ለአንድ ሌሊት መግዛት በዚህ ሕግ ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ ትዳር የሚመስል ኑሮ ነበር። ስለዚህ ዳኞቹ ሰውየው ሴቷን ይወዳት እንደሆነ፣ አብሯት ይበላ እንደሆነ ይመረምሩ ጀመር። ፍቅር የጥፋት ማስረጃ ሆነ። በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከእንዲህ ያለ ኑሮ የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ስሙን ያወጣው መንግሥት የዘር ንጽሕና ብሎ ላመነው ጉዳይ አወጣው፤ ዋጋውን የከፈለው ያለ አባት ስም ያደገው ልጅ ነው።

ከነጻነት በኋላ አገራችን ዘመናዊ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣች፤ ዓመቱ 1952 ነበር። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከአንቀጽ 708 ጀምሮ ያለው ክፍል ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሕጉ እንደዚህ ዓይነት ኑሮ መኖሩን አመነ፤ ንብረት ግን የጋራ አላደረገላቸውም። ሴቷ ዓመታት ደክማ ያቆመችው ቤት በወንዱ ስም ከሆነ የወንዱ ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 ነው። በአዲሱ ሕግ ኑሮው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ይሆናል። ልጁም አባት አለው፤ በዚያ ኑሮ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ያ ሰው ነው ብሎ ሕጉ ይገምታል። በሌላ በኩል፣ ሁለት ሰዎች በተደጋጋሚ መገናኘታቸው ብቻውን አይበቃም። ዘመድና ጎረቤት እንደ ባልና ሚስት የሚያያቸው መሆን አለባቸው።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። የሕጉ እንግሊዝኛ ቅጂ ይህንን ኑሮ «ኢሬጉላር ዩኒየን» ይለዋል፤ ሥርዓት ያልጠበቀ ጥምረት እንደማለት ነው። የአማርኛው ግን «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይላል። እንግሊዝኛው ይፈርዳል፤ አማርኛው የሆነውን ይናገራል። በፌዴራል ሕግ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከዕቁባትና ከቅምጥ ወደዚህ ረጅም ሐረግ የተደረገው ጉዞ ቀላል አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ የሴቷ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁለቱም ሆነ።

ሌላውም ዓለም ስም ፍለጋ ደክሟል። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በ1980 አካባቢ እ.ኤ.አ. በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ተቃራኒ ጾታ ሰዎችን ለመቁጠር «ፖሰልክ» የሚል አጭር ስም ፈጠረ፤ ሕዝቡም ቀለደበት። ስዊድን «ሳምቦ» ብላ ጠርታ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ቤታቸውና ዕቃቸው ሕግ አወጣች። በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ጥንዶች ራሱን የቻለ ስምና መብት አላቸው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል። በመስጂድ ኒካሕ አስረው በመንግሥት ፊት ያልተጋቡ ጥንዶች በስዊድን መዝገብ ላይ ሳምቦ እንጂ ባልና ሚስት አይደሉም። ኒካሑን ያሰረው ኢማም የመንግሥት ፈቃድ ከሌለው በአገሩ ሕግ ጋብቻ አይባልምና።

እኛስ? የሸሪዓ ሊቃውንት ይህንን ጉዳይ «ኒካሕ» እና «ዚና» ብለው በሁለት ቃል ብቻ አልዘጉትም። መስፈርቱ የጎደለ ኒካሕ፣ በስህተትና በጥርጣሬ የተፈጸመ ግንኙነት፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ፍርድ አለው። ባልና ሚስት ነን ብለው አምነው የኖሩ ሰዎች ኒካሓቸው ጉድለት ቢገኝበት ይለያያሉ፤ የልጁ ነሰብ ግን ከአባቱ አይቆረጥም፤ ሴቷም መህር ይገባታል፤ ዒዳም ትቆጥራለች። ያለ ኒካሕ አብሮ መኖር ሐራም መሆኑ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ያው ሸሪዓ በሰው ላይ «ዚና» የሚለውን ስም ለመለጠፍ አራት የዓይን ምስክር ይጠይቃል፤ ያለ ምስክር የተናገረውን ይቀጣል። የጎረቤቱን ቤት አይቶ በቴሌግራም ግሩፕ ስም የሚያወጣ ወጣት ይህንን ያስታውስ።

ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን በሌላ በኩል ነው። ብዙ ወጣቶች ኒካሕ በሐላል ያስራሉ፤ ወሊይ አለ፣ ምስክር አለ፣ መህር አለ፤ ወረቀት የለም። ሕጉ ሃይማኖታዊ ጋብቻን ይቀበላል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188ም የወጣው በዚያው በ1992 ነው። ሆኖም ባል ሲሞት ወይም ሲክድ ሚስት ኒካሑን ማስረዳት አለባት። ምስክሮቹ ሞተው ወይም አገር ለቀው ከሆነና ማስረዳት ካልቻለች፣ በሐላል የታሰረች ሚስት በመዝገብ «ጋብቻ ሳይፈጸም አብራ የኖረች» ሆና ልትቀር ትችላለች። የጋምቤላ ከተማ ሰው ከብዙ አገር ተሰባስቦ የሚኖር ነው፤ በ1977 ከወሎና ከሌላም አካባቢ በሰፈራ የመጡ ወገኖች ልጆችም በመካከላችን አሉ። ምስክር ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ አገር ነው።

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የማውጣት ሥልጣን አላቸው። ስለዚህ በቀበሌያችሁ ያለውን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አሠራር በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። በሥራ ላይ ከዋለ ከ2008 ወዲህ ጋብቻ ከሚመዘገቡት ኩነቶች አንዱ ነው። ቁርኣን ብድርን እንኳ ጻፉ ብሎ ያዘዘን ሰዎች፣ ጋብቻን የሚያህል ከባድ ቃል ኪዳን ሳንጽፍ መተው አይገባንም።

እህቶች፣ የኒካሑን ወረቀት ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። ወንድሞች፣ ሚስታችሁ ስትጠይቃችሁ «አታምኚኝም ወይ?» አትበሉ። ስሟን እናንተ በሕይወት እያላችሁ አስጽፉላት፤ ያለዚያ እናንተ በሌላችሁበት ሌላ ሰው ስም ያወጣላታል።

ወላሁ አዕለም።